በኳስ ሜዳ የተለቀሰ ለቅሶ

ወረታ፣ የካቲት ፲፫ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሣር ስታጭድ የሚይዝህ የጀርባ ሕመም ተሻለህ ወይ? ከአንተ ጋር በር የሚጠብቁት ጋሽ ደረሰስ ደኅና ናቸው? ሰላም በልልኝ። እጄን የያዙበትን አያያዝ አልረሳሁትም፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ይህ ወረቀት ከሥራ ላይ ካገኘህ፣ እጅህን ታጥበህ ከጥላ ሥር ቁጭ ብለህ አንብበው። ቆመህ የምታነበው አይደለም።

እኛ እንዳለን አለን። ሚስቴ እማዋይሽ ደኅና ናት፣ ልጆቹም ደኅና ናቸው። ዘንድሮ ሣሩ ቶሎ ደረቀና ከብቱ ከጥር ጀምሮ ሐይቁ ዳር ወርዶ እዚያው ያድራል። ሽምብራው ተሰብስቧል፣ ጓያው ገና ነው። እኔ ግን ደክሞኛል። ከመንገዱ ይሆናል ብዬ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፣ አለቀቀኝም። ሰው ምን ሆንህ ሲለኝ ወገቤን እላለሁ። ወገብ ደግ ነገር ነው፤ የተጫነበትን ሁሉ ይሸከማል።

አሁን የምጽፍልህን በወረቀት ማስፈሬን ነውር ነው አትበለኝ። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ጠፍቶኝ አይደለም። አባታችን ሲሞት አንበሳሜ ድረስ ሄጄ ለአክስታችን የነገርሁ እኔ ነኝ። የአገር ልጅ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ሰውየው ከመኝታው ሳይነሣ ግራና ቀኙን የሚይዘው ሰው ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ነው። ለምን በቀለም እንደጻፍሁት ታች ታገኘዋለህ። እስከዚያ ታገሠኝ።

ጥር ላይ አዲስ አበባ የመጣሁት እንደነገርሁህ ለወገቤ ሐኪም ፍለጋ አልነበረም። እናታችን ታኅሣሥ ፲፱፣ በገብርኤል ዕለት ዐርፋ፣ ይህን ልነግርህና ለተዝካሯ ይዤህ ልመለስ ነበር። መጣሁ፣ አብሬህ ሰነበትሁ፣ ሳልነግርህ ተመለስሁ። አፌ ላይ የያዝሁትን ነገር እንደያዝሁ ዓባይን ሁለት ጊዜ ተሻገርሁት።

የመጣሁት በጀማል የጭነት መኪና ነበር፤ ያ መገንጠያው ላይ ሱቅ ያለው ጀማል። የቀብሯ ዕለት ሱቁን ዘግቶ ድንኳን ሲተክልልን የዋለ እሱ ነው፤ ከሄድህ ብቻህን አትሄድም ያለኝም እሱ ነው። ከኑግ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አራት ቀን ተጓዝሁ። መኪናው በቆመ ቁጥር ጀማል ወርዶ ነገሩን እንዴት እንደምጀምረው ይመክረኛል። መጀመሪያ ስለ ዕድሜዋ አንሣ ይለኛል፣ ከዚያ ስለ ሕመሟ፣ ከዚያ ዝም በል፣ ዝምታው ራሱ ይነግረዋል ይላል። ምክሩ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የሞተሩ ጩኸት ብቻ ነው።

ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ መርዶ ደግሞ በምሽት አይነገርም። ጀማል መርካቶ ያሉትን የፎገራ ልጆች ሰብስቦ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሊመጣ ተቀጣጠርንና፣ ከምትሠራበት ስታዲዮም ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ቤትህን እየጠየቅሁ ደረስሁ። በሩን ስትከፍት ጢምህ አድጎ ሳይህ ደነገጥሁ። ምነው ብልህ፣ የከተማ ምላጭ ይቆርጠኛል ብለህ ሳቅህ። አልጋህን ለእኔ ለቅቀህ አንተ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተህ ተኛህ። ዘጠኝ ዓመት ከተማ ኖሮ ታላቅ ማክበር አልረሳም ብዬ ኮራሁብህ።

ያን ምሽት ያልጠየቅኸኝ የለም። የርብን ወንዝ ሙላት ጠየቅኸኝ፣ የመምሬ ገብረ ሐናን ሳል ጠየቅኸኝ፣ ስትሄድ ጥጃ የነበረችውን ዳልቻዋን ላም እንኳ ስንት ወለደች አልኸኝ። አንድ ሰው ብቻ አልጠየቅኸኝም። እኔም አለመጠየቅህን ከእግዜር እንደተላከ ምሕረት ቆጥሬ ተኛሁ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ጀማልና አራት የአገር ልጆች ከደጃፍህ ሲደርሱ አንተ የለህም። ሣሩን ውኃ ላጠጣ ብለህ ወጥተሃል። በሁለተኛው ቀን በዶሮ ጩኸት መጡ፣ አንተ ከዶሮው ቀድመሃል። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ በኖራ መሥመር ልታሰምር ሄደሃል። ጀማል ይህ ወንድምህ ሰው ነው ወይስ የንጋት ኮከብ አለኝ። ሰዎቹም ሥራ ነበራቸውና እየተሳሳቁ ሄዱ። ሰው ለመርዶ መጥቶ እየሳቀ ሲመለስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ኳስ ጨዋታ አለ፣ ይምጡና ይዩልኝ ጋሼ ብለህ ወሰድኸኝ። ሰው ሳይሞላ ቀድመን ገባን። ከውጭ ሳየው ምሽግ መስሎኝ ነበር፤ ከውስጥ ግን እንደ እኔ ያረጀ ነገር ነው። ከጣሊያን ወዲህ የተሠራ ነው ሲሉኝ አዲስ ጠብቄ ነበር። የሲሚንቶ ደረጃው በሰው መቀመጫ አልቆ ተሰነጣጥቋል፣ በስንጥቁም ሣር በቅሏል። ብረቱ ዝጓል። በዚያው ሰሞን የአፍሪካ አገሮች ሊጫወቱበት ሲሉ የተቀባው ነጭ ቀለም፣ ከሥሩ ያለውን አሮጌ ቀለም ይዞ እየተላጠ ይወድቃል። ልብሱን አሳምረው ለሠርግ ያወጡት ሽማግሌ ይመስላል።

አንተ ግን እንደ ርስትህ ነው ያስጎበኘኸኝ። ይኸኛው ጥላ ፎቅ ነው፣ ትልልቅ ሰው የሚቀመጥበት አልኸኝ። እዚያ ጥግ ክረምት ውኃ ይቋጥር ነበር፣ ሰው ሁሉ ግራ ሲገባው የፎገራ ልጅ ነኝ ብዬ ቦይ ቀድጄ ያደረቅሁት እኔ ነኝ አልኸኝ። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ዳበስሁት። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጤዛው ያልለቀቀ የሚመስል ሣር ነው። እዚህ ከብታችን በድርቅ ሐይቁ ዳር ሲንከራተት፣ በዚያ ሁሉ ልምላሜ ላይ አንዲት ጥጃ እንኳ ማጣቴ አንጀቴን አሳረረው። ይህን ሁሉ የሚበላው ማን ነው ብዬ ብጠይቅህ፣ ዓይን ነው ጋሼ ብለህ መለስህልኝ። ይህን መልስህን ለእማዋይሽ ነግሬያት እስከ ዛሬ ትስቃለች።

ጋሽ ደረሰ በሩ ላይ ሲያዩኝ ቆባቸውን አወለቁ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩና፣ እግዜር ያጽናችሁ አሉኝ። እኔ ኳሱን መስሎኝ፣ ገና መቼ ተሸነፍንና ብዬ መለስሁላቸው። እሳቸው አንተን አዩ፣ አንተ መሬት መሬት አየህ።

ከዚያ ሰው ሞላ። ወንድሜ፣ የወረታና የይፋግ ገበያ በአንድ ቀን ቢውል ያን ያህል ሰው አይወጣውም። እኛ ከፀሐይ በኩል ተቀመጥን። በዕድሜዬ ሕዝብ ዙሪያውን ከቦ፣ መካከሉ ሜዳ ሆኖ ያየሁት በጉግስና በለቅሶ ነው። ፈረስ ደግሞ አላየሁም። ሰዎቹ ኳሷን ሲያባርሩ አንዱን ከአንዱ መለየት አቅቶኝ፣ ዓይኔ ሜዳው ላይ፣ ልቤ በነጋታው ንጋት ላይ ሆኖ ተቀምጫለሁ። ሰኞ ደግሞ ቢያመልጠኝስ እያልሁ ነበር።

ድንገት ኳሷ በእንጨቱ ጎን አለፈች መሰለኝ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ፣ ወይኔ አለ።

እኛ አገር የማውቀው ሕግ አንድ ነው። ሰው እጁን በራሱ ጭኖ ሲጮህ ከደረስህ ለቅሶ ደርሰሃል፤ ደረቅ ዓይን ይዞ መቆም ነውር ነው። የማን ለቅሶ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ የራሴ ነበረኝ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተነሣሁ። በቀብሯ ቀን እንግዳ ሳስተናግድ፣ ቄስ ስጠራ፣ ገበቴ ስቆጥር ያልወጣኝ ድምፅ ያን ጊዜ ወጣኝ። ደረቴን እየመታሁ እናቴን ጠራኋት። ከጎኔ የነበረ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ትከሻዬን ይዞ፣ አይዞዎት አባቴ፣ ገና ግማሽ ሰዓት አለ፣ እናገባለን አለኝ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አስተዛዛኝ አላሳጣኝም ብዬ መረቅሁት።

ታፍርብኛለህ ብዬ ነበር፤ አላፈርህም። ያልቅሱ ጋሼ፣ እዚህ ሰው ለምን ጮኸ ተብሎ አይጠየቅም ብለህ በጋቢህ ከለልኸኝ። ቀና ብል አንተም ታለቅሳለህ። ጢምህ ርሷል። ወይ ጉድ፣ ይህ ልጅ ኳስን እንዲህ ይወዳል ወይ ብዬ ተገረምሁ። ለአንድ የሳተ ኳስ እንዲህ የሚሆን ሰው የእናቱን መርዶ በምን ጉልበቱ ይችለዋል ብዬ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ላልነግርህ ቆረጥሁ።

ማክሰኞ መኪናው ላይ አሳፈርኸኝ። ጀማል ገና ከጎኔ ሳይቀመጥ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጥተህ፣ የእማዬ ነው፣ መንገድ ላይ አይፍቱት አልኸኝ። ቀሚስ መሰለኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌው አራት ቀን ስመለስ፣ እንደ ሕፃን ከበደኝ።

ለልብህ ራርቼ ብቻ ቢሆን ዝም ያልሁት፣ ይህን ያህል አይደክመኝም ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ለማንም አልተናገርሁም።

ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗት እንደነበር ጽፌልህ ታውቃለህ። ጠዋት እጇን ይዤ አወጣታለሁ፣ ማታ አገባታለሁ። ክረምት ርብ ሞልቶ መንገዱ ሁሉ ሲላቁጥ ቅዳሴ አይቅርብኝ ትላለች፤ በጭቃው አዝዬ ወስጃት፣ አዝዬ እመልሳታለሁ። ቆጥሬብህ አይደለም። በዚያ በገብርኤል ጠዋት መምሬ ገብረ ሐና አቁርበዋት ሲጨርሱ፣ ታናሽህ መጣ ወይ አለች። እኔ አጠገቧ ነኝ፤ የጠራችው አንተን ነው። ቅር አላለኝም ብል ሐሰት ነው።

መጥቷል አልኋት። ለምን እንዳልሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እንደናፈቀች እንዳትሄድ ብዬ ይሆናል። አንድ ጊዜ እንኳ አንተን ሆኜ ልወደድ ብዬም ይሆናል። ድምፄን አቅጥኜ፣ በሃምሳ ዓመቴ፣ ይኸው መጣሁ እማዬ አልሁ። እጇን ዘረጋች፣ እጄን ሰጠኋት። ቀንበር የሰበራትን ጠማማ ጣቴን አገኘቻትና ደጋግማ ዳሰሰቻት። ታወቀብኝ ብዬ ፈራሁ። ቆይታ፣ ከተማ እጅ ያለሰልሳል ሲሉኝ ነበር፣ ያንተ ግን ሻክሯል አለችኝ። የሣር ሥራ ነው አልኋት። ፈገግ አለችና መረቀችኝ። የተመረቅኸው አንተ ነህ፤ የተያዘው እጅ ግን የእኔ ነበር። ቀትር ሳይሆን ዐረፈች።

የእናት የመጨረሻ ምርቃት ከመሬትም ከከብትም የሚበልጥ ውርስ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እኔ ያንተን ወሰድሁ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን የያዕቆብ ስም በተነሣ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። እሱ እንኳ ታናሽ ሆኖ የታላቁን ነው የወሰደ፤ እኔ ታላቅ ሆኜ፣ አባት ሆኜ ካሳደግሁት ልጅ ወሰድሁ። ሞተች ብዬ ብነግርህ፣ ስትሞት ምን አለች ብለህ ትጠይቀኛለህ። አንደበቴን የያዘው ይህ ነበር።

ለተዝካሯ ሦስት ቀን ሲቀር ደረስሁ። ዕቃህን ከሳጥኑ ሥር ደበቅሁት። በዋዜማው እማዋይሽ ምንጣፍ ስትፈልግ አገኘችውና፣ ቀሚስ ከሆነ በስሟ ለድኻ እንስጠው ብላ ፈታችው። ቀሚስ አይደለም። ጧፍ ነው። ተቆጥሮ የታሰረ አርባ ጧፍ፣ ከሥሩም ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ።

መምሬ ገብረ ሐና ተጠርተው መጥተው አዩና፣ ይህ ልጅ ከሰማ ቆይቷል አሉ። እኔ እዚያው ከመሬት ተቀመጥሁ። ጢምህ ትዝ አለኝ፣ ምንጣፍህ ትዝ አለኝ፣ ከዶሮ ቀድመህ መውጣትህ። ጋሽ ደረሰ እጄን ይዘው ያጽናችሁ ሲሉኝ፣ ገና መቼ ተሸነፍን ያልሁት ትዝ ሲለኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። አንተ ያን ቀን ለኳስ አላለቀስህም። መናገር የከበደኝን እንዳልናገር እየሸሸኸኝ፣ እንዳልፈነዳ ደግሞ ማንም የማይጠይቀኝ ቦታ ወስደህ አስለቀስኸኝ። ላጽናናህ መጥቼ ተጦርሁ።

በወረቀት የጻፍሁልህ ለዚህ ነው። ለሰማ ሰው መርዶ አይባልም።

ጧፉን ሁሉንም አብርተነዋል። ጀማልና ሚስቱ ዘይነብም ከጠዋት ጀምረው ከደጅ ተቀምጠው ዋሉ። ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም፤ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ስትሰማ ማን ያዘህ? ግራህ ማን ነበረ፣ ቀኝህስ? ጋሽ ደረሰ ከነበሩ ዕድሜ ይስጥልኝ። ምናልባት ያን ባዶ ደረጃ እያየህ ሣሩ መካከል ብቻህን ነበርህ። እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው። እኛን መቶ ሰው ይዞናል፤ አንተን ማንም አልያዘህም፤ እኔም አጠገብህ አምስት ሌሊት አድሬ አልያዝሁህም።

መንፈቋ ሰኔ ፲፱ ነው። ርብ ሳይሞላ ቀደም ብለህ ና። ያ ሣር ያላንተ አንድ ሁለት ሳምንት እንደ ልቡ ይደግ፤ የሚግጠው ዓይን ስለሆነ አያልቅም። ስትመጣ ከደጃፉ ጀምረህ እንደ ወጉ እያለቀስህ ግባ። የማውቀው ነው ብለህ ዝም ብለህ እንዳትገባ። እኔ ከበሩ ላይ እይዝሃለሁ።

ደብዳቤ የሚዘጋው በምርቃት ነው። የእኔን ከማበዛብህ የራስህን ልመልስልህ። ቃሏ ይኸው፣ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

«ልጄ፣ በጭቃው ያዘለኝ ጀርባህ አይጉበጥ። ጠዋት ያወጣኝ፣ ማታ ያገባኝ እጅህ፣ በደከመ ጊዜ ያዥ አይጣ። ከደጄ ያልራቀ እግርህን እንቅፋት አይምታው። ድካምህን አይቻለሁ፣ ዕረፍት ይስጥህ። ላሞችህ ይታለቡልህ።»

ያዘልሃት አንተ እንዳልነበርህ አውቃለሁ፤ በመጨረሻ አእምሮዋ ደክሞ ነው። ቢሆንም ምርቃት ነው፣ ያንተም ነው፣ ተቀበለኝ። ይህን ሁሉ ጽፌ ለመምሬ ገብረ ሐና ባነብላቸው፣ ጠማማ ጣቴን ይዘው ዳሰሱና፣ አንተ ሰው እስክትሞት አይገባህም ብለው ሳቁ። ምን ማለትዎ ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ደክሞኛል።

ከበሩ ላይ የሚጠብቅህ፣
ታላቅ ወንድምህ